ደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱ የታለ ላልሽው

ጥያቄሽ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ እንግዳ ታስጎበኛለሽ፣ ባለፈው ከጎንደር የመጡ ሰዎች «ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ 12 ዓመት ከኖረ ቤተ መንግሥቱ የታለ? እኛ ግንብ አለን፣ ላሊበላ አለቱ አለ፣ እናንተ ጋ ያለው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው» ብለው ሳቁ፣ አንቺም አብረሽ ሳቅሽና ማታ ቤት ስትገቢ ከነከነሽ። እውነት ነበር ወይስ ለከተማው ክብር ሲባል የሚወራ ነው? ነው ያልሽው።

እውነት ነበር እህቴ። ሰዎቹ ደሞ ሳያውቁት ልክ ብለዋል፣ ምክንያቱም ያ ቤተ መንግሥት ክብሩ ድንጋይ ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ነበር። ቀልድ አይደለም እመለስበታለሁ።

እኔ ሥራዬ የድሮ ሥዕልና የብራና ነገር ነው፣ ያደግኩት ግን ጠባሴ ነው እና ልጅ ሆኜ እኔም እንዳንቺ ድንጋይ ስፈልግ ነው የኖርኩት። አንዴ እንደውም አንድ ሰውዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ካብ «የዘርዐ ያዕቆብ ቅጥር ይሄ ነው» እያለ ሲያሳየን ከኋላችን በግ የሚነዱ ሽማግሌ ቆም ብለው አዳመጡና «ኧረ ልጆቼ፣ ይሄን አባቴ ነው ለከብት የካበው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሰውዬው ዝም፣ እኛም ዝም። ከዛ ቀን ጀምሮ ድንጋይ መፈለጉን ተውኩት።

ከቃሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም መልሱ ግማሹ ቃሉ ውስጥ ነው ያለው። «ከተማ» የምንለው ከ«ከተመ» የመጣ ነው፣ ሰፈረ ማለት ነው። በዛ ዘመን ከተማ ማለት ንጉሡ ሰፍሮ ያለበት፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ነው እንጂ አስፋልትና ፎቅ አይደለም። ንጉሡ ሲነሳ ከተማውም አብሮ ይነሳል። «ጨዋ» ራሱ ያኔ ትርጉሙ ሌላ ነበር፣ የንጉሡ ጦር ነው ጨዋ የሚባለው፣ በየጠረፉ የሚሰፍር። ዛሬ ጨዋ ልጅ ስንል ዝምተኛ ሰው አክባሪ ማለታችን ነው፣ የዛን ጊዜ ጨዋ መንደርሽ ቢገባ እህልሽን ደብቀሽ ነበር የምትጠብቂው። እንግዲህ የሸዋ ነገሥታት እንዲህ ነው የኖሩት፣ ክረምቱን አንድ ቦታ ከርሞ በጋውን ጉዞ፣ አንድ አገር ላይ ብዙ ከቆየ እንጨቱም እህሉም ያልቃላ።

ዘርዐ ያዕቆብን ለየት የሚያደርገው ደብረ ብርሃን ላይ መቆየቱ ነው። የነገሠው በ1434 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው እንዳትምታቺ፣ ወርና ቀኑ ግን በኛ ነው)፣ በ1436 አክሱም ሄዶ ሥርዓተ ንግሡን ፈጸመ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1468 ድረስ ካሉት የመጨረሻ ዓመታት 12ቱን እዚህ ብርድ ላይ ተቀመጠ። እዚህ እንጨትም ነበር አጥርም ነበር ቤተ ክርስቲያንም ተሠርቷል፣ ድንኳን ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ዜና መዋዕሉን ስታነቢ ጸሐፊው ስለ ግድግዳው ቁመት ሳይሆን ማን የትኛው በር ላይ እንደሚቆም፣ ማን መግባት እንደሚፈቀድለት፣ ማን እንደሚከለከል ነው አብዝቶ የሚነግርሽ። የግቢው ጌጥ እሱ ነበር። ንጉሡ አይታይም። ቃሉን የሚያወጣው ዓቃቤ ሰዓቱ ነው፣ የግቢው ትልቁ ካህን፣ ውስጥ የሚገቡት የተመረጡ ልጆች ናቸው፣ ሌላው ሰው መጋረጃውን እያየ ነው የሚሰግደው። ሹመቱ ሁሉ ግራና ቀኝ ነው፣ ግራ ቢትወደድ ቀኝ ቢትወደድ፣ ንግሥቶቹ ሳይቀሩ ግራ በዓልቲሐት ቀኝ በዓልቲሐት። ታዋቂዋ እቴጌ እሌኒ፣ የሐድያው ገራድ ልጅ፣ ያኔ ቀኝ በዓልቲሐት ነበረች። ካህናቱ ደሞ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ግቢው ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ንጉሡ አስማተኞች ይጎዱኛል ብሎ ይፈራ ነበርና።

እና እዚህ ላይ አስጎብኚዎች የሚዘሏትን ነገር ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትዘያት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ከወረደው ብርሃን ነው ትያለሽ አይደል፣ ልክ ነው፣ ዜና መዋዕሉ እንደዛ ይላል። ግን እዛው ላይ የካቲት 2 ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው እንደተገደሉ ይጽፍና ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 በመስቀል ቀን ብርሃኑ ታየ ይላል። ንጉሡ ብርሃኑን የወሰደው እግዜር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ነው። የሞቱት ሰዎች ኃጢአት ለማርያምና ለመስቀል ሥዕል አንሰግድም፣ ለንጉሥም አንሰግድም ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ «ዘአብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚል፣ እጁ ላይ ደሞ ሰይጣንን ክጃለሁ የሚል ጽሑፍ እንዲያስር የታዘዘበት ጊዜ ነው፣ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው የተቀጡበት። ስለዚ ያን ሁሉ ዝምታና መጋረጃ ዝም ብለሽ «እንዴት ያምራል» ብለሽ አታሳልፊው፣ ግማሹ ፍርሃት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያን ግቢ ያስፈራው የነበረው ራሱ ነው ያማረው የነበረውም።

ዘርዐ ያዕቆብ ግቢ ውስጥ ገብቶ ያየውን ቁጭ ብሎ የጻፈልን የውጭ ሰው የለም፣ ግን ከ50 ዓመት በኋላ አንድ አለ። አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ከመልእክተኞች ጋር በ1520 መጣና 6 ዓመት ቆየ፣ ሸዋ ላይ የዛን ጊዜውን ንጉሥ ልብነ ድንግልን አገኘው፣ ሥርዓቱ ያው የቆየው ነው ትንሽ ላላ ቢልም። መጀመሪያ እንደደረሱ ንጉሡን ያዩት እንዳይመስልሽ። በሌሊት ተጠሩ፣ ግራና ቀኝ በሰልፍ የቆሙ ሰዎች ሻማ አብርተው ይዘዋል፣ በመሀል እየተራመዱ ጥቂት ሄዱ ቁሙ ተባሉ፣ ተላላኪ መጣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ አለ፣ መለሱ፣ ተላላኪው ተመለሰ፣ እንደገና መጣ፣ መጋረጃው ጋ ደረሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ንጉሡ አለ ግን አይታይም፣ ተመልሰው ሄዱ። ፊቱን ለማየት ቀናት ጠበቁ። በመጨረሻ በኅዳር መጋረጃው ሲገለጥ ስድስት ደረጃ ባለው፣ በምንጣፍ በተሸፈነ መድረክ ላይ ተቀምጧል፣ ራሱ ላይ የወርቅና የብር ዘውድ፣ እጁ ላይ የብር መስቀል፣ የወርቅ ክር የተጠለፈበት ካባ፣ ፊቱ ላይ ደሞ ሰማያዊ ሐር ተይዞ አፉንና ጢሙን ይሸፍናል፣ አንዳንዴ ዝቅ ያደርጉታል ፊቱ ሙሉ ይታያል፣ መልሰው ከፍ ያደርጉታል። 23 ዓመቱ ነበር በለው። አስቢው፣ የ23 ዓመት ልጅ ፊቱን እንደ ታቦት ሸፍነውት።

አልቫሬዝ ከሱ በፊት የነበሩት ነገሥታት በዓመት ሦስት ቀን ብቻ ነበር ለሕዝብ የሚታዩት ይላል፣ ገና፣ ፋሲካና የመስከረም መስቀል። ሦስት ቀን! ሌላው ጊዜ መጋረጃ ነው።

ጉዞው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሲነሱ ከ50,000 የማያንስ በቅሎ ነው የሚንቀሳቀሰው ብሎ ይገምታል፣ እኔ ቁጥሩን ትንሽ አሞቆታል ባይ ነኝ ግን ግማሹም ቢሆን ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ ቀን ከሚገባው ከብት ሁሉ ይበልጣል። ንጉሡ በቅሎ ላይ ዘውዱን ደፍቶ ይሄዳል፣ ዙሪያውን ልጆች በቀጭን ዘንግ ላይ የተወጠረ ቀይ መጋረጃ ይዘው አብረው ይሄዳሉ፣ ማለትም እልፍኙ አብሮት ይራመዳል። በሰንሰለት የታሰሩ አራት አንበሶች አሉ። መቶ ሰው መቶ እንስራ ጠጅ ተሸክሟል፣ እንስራዎቹ ጥቁር ናቸው አፋቸው በጭቃ ተመርጎ ታትሟል፣ ሌላ መቶ ሰው የእንጀራ መሶብ። ማታ ሲደርሱ ማንም ማንንም ድንኳኔን የት ልትከል ብሎ አይጠይቅም፣ የንጉሡ ነጭ ድንኳን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይተከላል፣ የሌላው ሁሉ ቦታው ከሱ ተቆጥሮ የታወቀ ነው፣ ማን በግራ ማን በቀኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት፣ ወጥ ቤቱ የት፣ ገበያው የት፣ ፍርድ የሚሰጠው የት። ትናንት ሸዋ የነበረው ከተማ ዛሬ ሌላ አገር ላይ ያለምንም ልዩነት ይቆማል። አሁን አንቺ ፕላን ያለው ከተማ አሳዪኝ ብትይኝ እኔ ይሄን ነው የማሳይሽ፣ የዛሬዎቹ መንገድ ከተሠራ በኋላ ነው ቱቦ የሚቀብሩት።

የሚገርመው ደሞ አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። 13 ቤተ ክርስቲያን አብሮ ይጓዝ ነበር፣ ታቦቶቹ በካህናት ትከሻ ላይ፣ ከፊት መስቀልና ጽና የያዘ፣ ቃጭል የሚያቃጭል። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ከመንገዱ ይወጣል፣ በበቅሎ ያለም ይወርዳል። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅኩ ምክንያቱም እኔ ይሄን አይቼዋለሁ። አንቺም አይተሽዋል። የከተራ ለት ታቦታቱ ሲወርዱ፣ ያ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ጃንጥላ፣ ከፊት ቃጭሉ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች እየሮጡ ከኋላ ጠቅልለው ወደፊት ሲያመጡ፣ ድሮ ነው ያልሽው ያ አጀብ እኮ ነው። ዓምና ቆሜ ሳይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ታቦቱ ሊደርስ ሲል ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀና አስፋልቱ ጥግ ላይ ግንባሩን አስነካ። በ1520 ከበቅሎው የወረደው ሰውዬ ነው እሱ፣ በቅሎዋ ብቻ ናት የተቀየረችው። ታቦቱ ደሞ የሚያድረው የት ነው? ድንኳን ውስጥ።

ሥዕሉ ላይ ልምጣ የኔ ነገር እሱ ስለሆነ። ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት 33 አድርጎ ሥርዓት ሲያወጣ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሲያዝ፣ ያለ ሥዕል የሚሆን ነገር አልነበረም፣ ሰው የሚሰግድለት ሥዕል ያስፈልገዋል። ተአምሩ መተርጎም የጀመረው በአባቱ በዳዊት ጊዜ ነው፣ የዳዊት መጽሐፍ በወርቅ ያጌጠ ነበር። በልጁ ጊዜ ግን ነገሩ በየገዳሙ ተዳረሰ። ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበር፣ ጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ያለው ትልቅ የእንጨት ሥዕል ላይ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እኔ ሣልኩት ብሎ ስሙን ጽፏል፣ ይሄ በኛ አገር ብርቅ ነው፣ የኛ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም። የሱንና የተከታዮቹን ሥራ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ በቅርብ ማየት ይቻላል፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው በጠዋት ወጥተሽ ማታ ትመለሻለሽ። ጠጋ ብለሽ ስታዪ እንጨቱ ላይ ነጭ ጀሶ ተቀብቶ ነው ቀለሙ የተቀመጠው፣ የድንግል ማርያም ጣቶች ረጃጅም ናቸው፣ የልብሷ እጥፋት መስመር በመስመር ነው። አሁን ዓይንሽን ከሷ አንሺና ጎንና ጎኑን እዪ። ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ እሷ ዙፋን ላይ ናት። ግራ ቢትወደድ ቀኝ ቢትወደድ አልመጣልሽም? የዛን ዘመን ወንጌሎች ስትገልጪ ደሞ ወንጌላዊው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ በላዩ መጋረጃ ተሰቅሎ ታያለሽ። ሠዓሊዎቹ ሰማይን አላዩትም፣ ያዩት ግቢውን ነው፣ ሰማይን ሣሉ ሲባሉ ግቢውን ሣሉ። ስለዚ የደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ፎቶ አለ ወይ ብትዪኝ አለ፣ እነዛ ናቸው።

ባለሙያ ከውጭም ይፈልጉ ነበር። ዳዊት በ1402 ቬኒስ መልእክተኛ ሲልክ ስጦታው ነብር ነበር፣ የፈለገው ደሞ የእጅ ባለሙያ። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ለዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በጻፈው ደብዳቤ ባለሙያ ልልክልህ እወዳለሁ ግን ቀደም ብዬ የላክኋቸው 13 ሰዎች መንገድ ላይ አልቀዋል አለው። አሥራ ሦስቱም። መንገዱ ምን እንደሚመስል ከዚህ ውሰጂው። ከዘርዐ ያዕቆብ በኋላ ግን አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ደረሰ፣ ብራንካሌዎን፣ እዚህ መርቆሬዎስ ተባለ፣ አልቫሬዝ ሲያገኘው ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል፣ አገሩን ረስቶ ባለርስት ጌታ ሆኗል። ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንደ መኳንንት መከበሩ አልቫሬዝን ገርሞታል። የኛን ዘመን ሠዓሊዎች ባየ ምን ይል ነበር አላውቅም።

ታዲያ የት ገባ ላልሽው፦ ጨርቁ በሰበሰ፣ እንጨቱ ተቃጠለ፣ ሣሩን ዝናብ በላው፣ ልጁ በእደ ማርያም ደሞ ገና እንደነገሠ ተነስቶ መዞር ጀመረ። ከተማው ሲነሳ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በድንጋይና በወርቅ የተሠራውም ቢሆን አልተረፈም እኮ፣ ወሎ ውስጥ የነበረችው መካነ ሥላሴ፣ ናዖድ ጀምሯት ልብነ ድንግል የጨረሳት፣ ግድግዳዋ በወርቅ ተለብጦ ነበር፣ የኢማም አሕመድ ዜና ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ራሱ ወታደሮቹ አይተው እንደተደነቁ ጽፏል፣ በ1531 ወርቁ ተላጠ እሷም ተቃጠለች። አሁን ደብረ ብርሃን የምናያት ሥላሴ የምኒልክ ዘመን ሥራ ናት፣ ይሄን ለእንግዳ በግልጽ ንገሪ፣ አንዳንዱ የዘርዐ ያዕቆብ ናት ይላል ከዛ እንግዳው ጎግል አድርጎ ያፍርብሻል። ለጎንደሬዎቹ ደሞ በፍቅር ንገሪያቸው፣ ፋሲል ጎንደር ላይ የከተመው በ1636 ገደማ ነው፣ ዘርዐ ያዕቆብ ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ። ከፋሲል በፊት የነበሩት አያቶቹ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ድንኳን ውስጥ ነው የጨረሱት። ግንቡ አዲስ ነገር ነው፣ ድንኳኑ ነው የቆየው።

የዚህን ሥርዓት ጭራ በዓይን ማየት ከፈለግሽ አንኮበር ውጪ። ሣህለ ሥላሴ (1813 እስከ 1847) ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበረም፣ ዘመኑም ሌላ ነው፣ ቢሆንም ቀይ የከፋይ ጃንጥላው፣ ግብር ማብላቱ፣ ሰው እንደ ማዕረጉ ራቅ ቀረብ ብሎ መቀመጡ ያው ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ከመሪያቸው ከሃሪስ ጋር ጠመንጃና መድፍ ይዘው ሲመጡ በርናትዝ የሚባል ሠዓሊ አብሯቸው ነበር፣ አንኮበርንና አንጎለላን ሥሏል፣ ሥዕሎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ ስልክሽ ላይ ጫኚያቸውና ተራራው ጋ ቆመሽ ከፍተሽ አሳዪ። እንግዳው ስልኩን ያያል ተራራውን ያያል፣ ያንቺ ወሬ አያስፈልገውም።

ደብረ ብርሃን ላይ ግን እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። በጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ከፍ ያለ ቦታ አወጣቸዋለሁ፣ ከቤት አንድ የመንዝ ባና ይዤ፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ከባዱ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደርግላቸዋለሁ ይበርዳቸዋላ። ከዛ ንጉሡ እዚህ ነው፣ አንተ እዛ ነህ፣ መሀላችሁ መጋረጃ አለ፣ ተላላኪ ይመላለሳል፣ አትናገርም እላቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ ብዬ እተዋቸዋለሁ። የብርድ ልብሱን ቀልድ ከደገሙት ደሞ ቀድመሽ አንቺ ንገሪያቸው፣ ድሮም ጨርቅ ነበር በያቸው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ገለጻሽ ላይ ብርሃኑ የ1456ቷ የሃሌ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ነበረች ትያለሽ አይደል። ብዙ ሰው ይላል፣ ግን አውጫት። ኮሜቷ እዚህ ሰማይ ላይ በዓይን የምትታየው በሰኔ ነው፣ ብርሃኑ የተጻፈው ደሞ መጋቢት 10።